«ማን ይበልጣል?» ከማለታችን በፊት

ዓሣ ነባሪና ሻርክ ቢጋጠሙ የትኛው ያሸንፋል? ይህ ጥያቄ ባሕር አይተው በማያውቁ የዲላ ተማሪዎች መካከል ሳይቀር ሞቅ ያለ ክርክር ሲያስነሣ እንሰማለን። አንዱ ወገን ግዝፈትን፣ ሌላው ጥርስን ይጠራል። በእኛ አስተያየት ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው ተከራካሪዎቹ ዕውቀት ስላነሣቸው ሳይሆን ጥያቄው መለኪያ ስለሌለው ነው።

እስቲ እንለካ። ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ እስከ 30 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱም ከ150 ቶን ሊበልጥ ይችላል። ትልቅ ነጭ ሻርክ ደግሞ ወደ 6 ሜትር ሲረዝም 2 ቶን ያህል ይመዝናል። ርዝመቱ 5 እጥፍ፣ ክብደቱ ግን ከ75 እጥፍ በላይ ነው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳብራራው፣ ቅርጹን ሳይለውጥ የሚያድግ አካል ስፋቱ በርዝመቱ ካሬ፣ ይዘቱ ግን በርዝመቱ ኩብ ይጨምራል።

ከዚህ ተነሥተን ፍጥነትን እንገምት። የጡንቻው መጠን ከይዘት ጋር፣ የውኃው ተቃውሞ ደግሞ ከገላው ስፋትና ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ጡንቻ በሰከንድ እኩል ሥራ ይሠራል ብንል፣ 5 እጥፍ የሚረዝመው እንስሳ 1.7 እጥፍ ያህል መፍጠን ይገባዋል። በተግባር ግን ሁለቱም ለአጭር ጊዜ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይዋኛሉ እንጂ ይህን የሚያህል ልዩነት አይታይም። ስለዚህ «እኩል ሥራ» የሚለው ግምት አያስኬድም፤ በአጠቃላይ እንስሳ በገዘፈ ቁጥር እያንዳንዱ ኪሎ ግራም አካሉ በሰከንድ የሚጠቀመው ጉልበት ያንሳልና።

መለኪያውን ስንለውጥ መልሱም ይለወጣል። ስፐርም የተባለው ዓሣ ነባሪ ከ1,000 ሜትር በታች፣ ግፊቱ ከ100 አትሞስፌር በሚበልጥበት ጥልቀት ያድናል፤ ሆኖም ለመተንፈስ ወደ ላይ መመለስ ግዴታው ነው። ሻርክ በስንጥቡ ስለሚተነፍስ ይህ ግዴታ የለበትም፤ የአዳኙን ሲሳይ ጡንቻ የሚያመነጨውን እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት እንኳ ይለያል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2017 በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ጉበታቸው የተወሰደ ነጭ ሻርኮች ሞተው የተገኙ ሲሆን፣ ገዳዮቹ ከጥርሳም ዓሣ ነባሪዎች ወገን የሆኑት ኦርካዎች ናቸው። ኦርካ ከሰማያዊው ዓሣ ነባሪ እጅግ ያንሳል፤ ነገር ግን ተባብሮ ያድናል።

ይህ ሁሉ የሩቅ ባሕር ወሬ የሚመስለው ካለ ከዲላ በስተ ምዕራብ ወደሚገኘው የአባያ ሐይቅ ይመልከት። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪ የቅርብ ዘመድ የሆነው ጉማሬ በዚያ ይኖራል፤ ከጎኑም አዳኙ አዞ አለ። በዚህም ክርክር «አዞ ሥጋ በል ነው፤ ጉማሬ ግን ሣር በል ነው» ይባልና አደጋው ሁሉ ለአዞ ይሰጣል። የሚበላውን ነገር የአደገኛነት መለኪያ ማድረግ ግን ሕይወት ያስከፍላል። ጉማሬ ከአንድ ቶን በላይ እየመዘነ በየብስ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሊሮጥ ይችላል፤ በእርሱና በውኃው መካከል የቆመ ሰውም ለከፋ አደጋ ይጋለጣል። ውኃ የሚቀዳና ዓሣ የሚያጠምድ ወጣት ይህን ማወቅ ይገባዋል።

ስለሆነም መምህራን ፈተና ስናወጣ «የትኛው ይበልጣል?» ብለን ብቻ ባንተው መልካም ነው። በምን ይበልጣል? በየትኛው አሃድ? በምን ሁኔታ? ብለን እንጨምር። ምሳሌውንም ከአባያ ብንወስድ ተማሪው የሚያውቀውን ይለካል።

እናንተም ተማሪዎች፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ እንስሳ 100 ሜትሩን በ12 ሰከንድ ይጨርሳል። የራሳችሁን የ100 ሜትር ሰዓት ለኩና አነጻጽሩ፤ ከዚያም ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ከጉማሬ ምን ያህል መራቅ እንዳለባችሁ አስሉ።