ኦል ዊል ድራይቭ መኪናን እቤት ፈትቶ በኋላ ጎማ ማስኬድ ያዋጣል ወይ?

ከታክሲና ከሊሞዚን ባለንብረቶች ጋር የዓመቱን ሒሳብ ስንሠራ እንዲህ የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ «ኦል ዊል ድራይቭ መኪናዬ ነዳጅ ፈጀብኝ። የፊቱን ሻፍት እቤቴ ፈትቼ በኋላ ጎማ ብቻ እንዲሄድ ባደርገው ምን ይመስልዎታል?»

መልሴ ለእንጀራ በሚሠራ መኪና ላይ አያዋጣም የሚል ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

አንደኛ፣ ነገሩ ለሁሉም መኪና አይሆንም። እንደ ክራይዝለር 300 መሠረቱ የኋላ ጎማ በሆነ መኪና ላይ ሊታሰብ ይችላል። ብዙ ወገኖቻችን የሚነዱት ቶዮታ ሲዬና ግን መሠረቱ የፊት ጎማ ነው። ከ2021 ሞዴል ወዲህ ያለው ደግሞ ወደ ኋላ የሚሄድ ሻፍት ጭራሽ የለውም፤ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ለብቻው የተገጠመ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው።

ሁለተኛ፣ ሥራው ሻፍት በመፍታት አያበቃም። ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍል የመሀል ዲፈረንሺያል ያለው መኪና፣ የፊቱ ሻፍት ሲወጣለት ጉልበቱ ወደ ባዶው ወገን ይሄድና መኪናው ካለበት ላይነቃነቅ ይችላል። ዲፈረንሺያሉን መበየድ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በብዙ መኪኖችም የፊት ጎማውን ኩሽኔታ አጥብቆ የሚይዘው የጎማው ሻፍት ጫፍ ስለሆነ፣ እሱን ጨርሶ አውጥቶ መንዳት ኩሽኔታውን ይበትናል። ኋላ ወንበር ላይ ደግሞ የሰው ልጅ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በዓመት 50,000 ማይል የሚነዳ ሰው እንውሰድ። መኪናው በጋሎን 20 ማይል ይሄድ የነበረው 21 ቢሄድለት፣ 2,500 ጋሎን የነበረው ወደ 2,381 ይወርዳል። የተረፈው 119 ጋሎን ነው። ጋሎኑን በ3 ዶላር ከ50 ብናስበው 417 ዶላር ያህል ይሆናል። መኪናው ለሥራው ሦስት ቀን ቢቆምና በቀን 200 ዶላር ቢቀር፣ 600 ዶላር ሄደ ማለት ነው። የዕቃውና የብየዳው ገና አልተቆጠረም።

በግብር በኩልም የሚያጽናና ነገር የለም። የገዛ ጉልበትዎን ዋጋ ወጪ ብለው ከገቢዎ መቀነስ አይችሉም። ወጪዎን በማይል ተመን የሚያስቡ ከሆነ (እ.ኤ.አ. ለ2025 በማይል 70 ሳንቲም ነበር) ነዳጁም ጥገናውም በዚያው ውስጥ ስለሚጠቃለል የዕቃውን ደረሰኝ ለብቻው ማስገባት አይቻልም።

ከሁሉ የሚከፋው ኢንሹራንሱ ነው። መኪናው እንደተለወጠ ያልተነገረው ኢንሹራንስ አደጋ ሲደርስ ለመክፈል ሊያንገራግር ይችላል። ተሳፋሪው በጠበቃ ከከሰሰ፣ እቤት የተበየደ ዲፈረንሺያል ይዞ ፍርድ ቤት መቆም ነው። የብዙ ዓመት ልፋት፣ ቤትና ሱቅ ጭምር፣ ለ417 ዶላር አደጋ ላይ ይወድቃል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

«ትራንስፈር ኬዙ ተሰብሮብኝ ጋራዡ ብዙ ሺህ ዶላር ጠየቀኝ፤ ምን ላድርግ?» የሚል ወገን ይኖራል። ችግሩ እውነተኛ ነው። ግን መጀመሪያ ከሁለት ሌሎች ጋራዦች ዋጋ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ከተበተነ መኪና የወጣ ያገለገለ ዕቃ ከነዋስትናው ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ካላዋጣ መኪናውን ጉድለቱን ሳይደብቁ ሽጠው ከፋብሪካው በሁለት ጎማ የሚነዳ ይግዙ። በዴንቨርና በሚኒያፖሊስ የምትሠሩ ደግሞ አራቱ ጎማ የተገዛው ለበረዶው መሆኑን አትርሱ።

ለእሑድ መጫወቻ የተቀመጠ አሮጌ መኪና ያለው ጎልማሳ እንደ ልቡ ይፍታ፣ ይበይድ፤ አልከለክልም። ቤተሰብ የሚያሳድረውን መኪና ግን ወደ መካኒክ ይውሰዱት፤ ደረሰኙንም አይጣሉት።