ከሁለት ሰርቪስ ክፍል አንድ የጓሮ ሜዳ

ዝናቡ አባርቷል፤ መስቀልም አለፈ። ግንበኛ የሚፈለግበት ወቅት ነውና ዛሬ ስለ ሲሚንቶና ጠጠር ላጫውታችሁ ነው። «ነርስንና ሲሚንቶን ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉኝ፤ ነገሩ የጤና ጉዳይ ነው።

በአዲስ አበባ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ እየጠበበ መሄዱን ሁላችሁም ታያላችሁ። እኛ የጨርቅ ኳስ ያባረርንበት ሜዳ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። ለልጁ የቀረለት ወይ ስልክ ይዞ ሶፋ ላይ መጋደም፣ ወይ መንገድ ላይ መውጣት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን የሚያስመታ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይኸው ድርጅት እንደሚለው ደግሞ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል ቀዳሚው የመንገድ አደጋ ነው። ድንገተኛ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት «ኳሱን ሊያመጣ ሮጦ ወጣ» የሚለውን ቃል ከእናቶች አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

በእኛ ቤት የጭቃው ማድ ቤት ከፈረሰ በኋላ ጓሮው ባዶ ቀረ። ልጄ «እማዬ፣ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ሠርተን እናከራየው» አለኝ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ የጡረታ ገንዘብ ምን እንደምትገዛ የሚያውቅ ያውቃል። እኔ ግን ሦስት የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ለእነሱ መጫወቻ ይሁን አልኩ። ሦስት ሳምንት ተከራከርን። በመጨረሻ «ክፍሎቹን ከአሥር ዓመት በኋላም መሥራት ይቻላል፤ የእነዚህን ልጆች ልጅነት ግን ያኔ ከየት እናመጣዋለን?» አልኩት። ዝም አለ። ይኸው አራተኛ ዓመታችን ነው። ኪራዩ አይታወሰኝም አልልም፤ ወር በገባ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አቅሙና ቦታው ላላችሁ፣ ወይም ከወንድምና ከጎረቤት ጋር አዋጥታችሁ መሥራት ለምታስቡ፣ ሥራው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ መጠኑ። ሙሉ የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 ሜትር በ15 ሜትር ነው፤ ይህ ለማናችንም ግቢ አይሆንም፣ አያስፈልግምም። የእኛ 8 ሜትር በ6 ሜትር ነው። የቅጣት መወርወሪያው መስመር ከሰሌዳው 4.60 ሜትር ላይ ስለሚሰመር በዚህ ውስጥ በደንብ ይገባል። ከመቆፈራችሁ በፊት ወረዳችሁን ጠይቁ። የሽንት ቤት ጉድጓዱ የት እንዳለ እወቁ፤ ክዳኑ ሜዳው ላይ እንዳይውል፤ አሮጌ ጉድጓድ ካለም በደንብ ሳይሞላ ሲሚንቶ እንዳይፈስበት። የኤሌክትሪክ ሽቦ በላዩ የሚያልፍበትንም ቦታ ተዉት።

ሁለተኛው አፈሩ ነው። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በላዩ የተሠራውን አብሮ ያነሳዋል፣ ይሰብረዋል። የእኛም ጓሮ ጥቁር አፈር ስለሆነ 60 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ወጣ። በምትኩ የተመረጠ አፈር በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ እየተረጨ ተጠቀጠቀ፣ ከላዩ 25 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ተነጠፈ። ይህ ከሁሉ የሚያደክምና ሲያልቅ ዓይን የማያየው ሥራ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ሰው መቀነስ የሚፈልገውም ከዚህ ላይ ነው፤ እባካችሁ ከዚህ አትቀንሱ።

ሦስተኛው ኮንክሪቱ ነው። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር። ለእኛ ስፋት 4.8 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ማለት ነው፤ ወደ 17 ኩንታል ሲሚንቶ ይፈጃል። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ተሸምኖ ይገባል፤ መሬት ላይ ተኝቶ እንዳይቀር ከሥሩ ድጋፍ ይደረግለት። ሠራተኛው ለመግፋት እንዲቀለው ውሃ ሲያበዛ ካያችሁ አስቁሙት፤ ውሃው የበዛ ኮንክሪት ሲደርቅ ደካማ ነው። ወለሉ ከቤቱ ወደ ውጭ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያዘቅዝቅ፤ ያለዚያ ክረምት ሙሉ ኩሬ ይሆናል። ኮንክሪት ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ስለዚህ የሚሰነጠቅበትን መስመር እናንተ አስቀድማችሁ አብጁለት። እኛ ሜዳውን 2.5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባላቸው መስመሮች ስድስት ቦታ ከፈልነው።

ግንበኛው በመጨረሻ «ሊሾ ላድርግላችሁ?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ሊሾ ለሳሎን ነው፤ ውጭ ላይ ጤዛ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ገና እርጥብ ሳለ በመጥረጊያ አንድ ጊዜ ይጎተትበትና ሸካራ ይሁን። ከዚያ ጆንያ ለብሶ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ። የጥቅምት ፀሐይና ነፋስ ቶሎ ስለሚያደርቁት ይህን ችላ አትበሉ። እኛ ለጨዋታ የከፈትነው በ28ኛው ቀን ነው። ትልቁ የልጅ ልጄ ቀኑን በግድግዳ ላይ በጠመኔ ሲቆጥር ከረመ።

የቅርጫቱ ከፍታ ለአዋቂ 3.05 ሜትር፣ ለትንንሾች 2.60 ሜትር ነው። በያጁ በሁለቱም ልክ ቀዳዳ ስላበጀለት ብሎን ፈተን ዝቅና ከፍ እናደርገዋለን። የምሰሶው ጉድጓድ 1 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ከሜዳው ውጭ ሆኖ በስፖንጅና በሸራ ተጠቅልሏል። ለእግር ኳስ የብረት ጎል ካሠራችሁ መሬት ጋር እሰሩት። ልጆች ሲንጠለጠሉበት ተገልብጦ የገደለበት ጊዜ በተለያዩ አገሮች ተመዝግቧል።

ጥገናው ቀላል ነው። በየሳምንቱ ይጠረግ፤ አሸዋ የመሰለ ብናኝ ራሱ ያንሸራትታል። ክረምት ሲወጣ አረንጓዴው ነገር በውሃ በቀጠነ በረኪና ይፈተግ፤ በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ ውሃ ሳይገባበት ይደፈን። ብሎኖቹ በየወሩ ይታዩ፤ ብረቱ በየዓመቱ ዝገቱ ተፍቆ አንቲረስት ይቀባ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። የተሻለ ሜዳ አለ ማለት ልጅ አይወድቅም ማለት አይደለም። ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል፤ ስለዚህ የእጅ አንጓና ክንድ ይሰበራሉ። ካበጠ ወይም ከተጣመመ አትሹት፣ አትጎትቱት። በካርቶን ደግፋችሁ በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሉና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ወጌሻ ጋ ወስዳችሁት ከሆነ ይህን አደራ ስሙኝ፦ በእንጨት ጠብቆ የታሰረ እጅ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ እስከ ነገ አትጠብቁ። ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይላላ፤ ልጁ ሆስፒታል ይሂድ። እጃቸው በዚህ ምክንያት የተቆረጠ ልጆችን አስታምሜአለሁ፤ ስብራቱ ራሱ እኮ ቀላል ነበር። ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚያስታውክ፣ የሚደነግዝ ወይም ግራ የሚጋባ ልጅም «ይተኛና ያልፍለታል» አይባልም። ቀለበት ያደረገ ልጅ ደግሞ ቅርጫቱ ላይ እንዳይንጠለጠል፤ ቀለበቱ ከተያዘ የጣቱን ሥጋ ይገፈዋል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ጎረቤት። ኳስ ሲነጥር ድምፁ አጥር ይሻገራል። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት አዛውንት በመጀመሪያው ወር ቅር ብሏቸው ነበር። ቡና አፍልተን ጠርተን ተነጋገርን። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ጨዋታ የለም፤ እሑድ ጠዋት የለም፤ በሰፈር ለቅሶ ካለም ኳስ አይነጥርም። ልጆቹ ሕጉን ራሳቸው ጽፈው በር ላይ ለጠፉት። የሳቸውም የልጅ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ።

ለእኛ ለአያቶችም ሜዳው ይጠቅማል። ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ እንዲሁም ሦስት ቀን ሚዛን የሚያስጠብቅ ልምምድ ይመከራል። እኔ ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ዙሪያውን እራመዳለሁ፤ ደልዳላ ስለሆነ እግሬ አይሰናከልም።

መሬቱ ለጠበባችሁ፣ አምስት ቤት ተባብሮ ከኅብረት ቦታ ላይ እንዲህ ያለ አንድ ወለል ማፍሰስ ይቻላል፤ ዕድራችሁ ላይ አንሡት።