«የት ላስገባው?»

ቅዳሜ ጠዋት ሁለተኛውን ቡና ሳልቀዳ በሩ ተንኳኳ። ከእኛ ሁለት ቤት አልፋ የምትኖር እናት ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስለነበር ለቅሶ የምትነግረኝ መስሎኝ ብድግ አልኩ። «ሰው አልሞተም ሲስተር» አለችኝ፤ «ልጄን የት ላስገባው?»

ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል፤ የገላን ሰው ግን ዛሬም ሲስተር ነው የሚለኝ። ይህንን ጥያቄም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ፋብሪካው ሲበዛ አረቄ ቤቱም ጫት ቤቱም አብሮ በዛ። ቀን ጫት፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ። የዚህች እናት ልጅ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። በፈረቃ ይሠራበት ከነበረው ፋብሪካ ከቀረ ሦስት ወሩ። ሲነጋ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሻይ እንኳ ሳይደፋ መጠጣት አይችልም፤ ሁለት መለኪያ አረቄ ሲቀምስ ግን መንቀጥቀጡ ያቆማል።

«ቦታ እስኪገኝ ሰርቪሱን ባዶ አድርጌ ቁልፍ ገዝቻለሁ» አለችኝ። «ሳምንት ብቆልፍበት ይወጣለት የለ?»

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ቁልፍ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት ጤና ጣቢያ ተረኛ ሳለሁ አንድ አባት ስለ ልጁ ልክ እንደ እሷ ጠየቀኝ። «ቤት ዘግታችሁ አስቀምጡት፤ ሁለት ሦስት ቀን ይጮህና ይተወዋል» አልኩት። በዲፕሎማ ትምህርቴ የአእምሮ ጤና የጥቂት ሳምንታት ነገር ነበር፤ ስለ መጠጥ የማውቀው ደግሞ ሰፈር ውስጥ የሚወራውን ያህል ነው። በሁለተኛው ሌሊት ልጁን በጋሪ አመጡት። በተዘጋበት ክፍል ውስጥ አንዘፍዝፎት ወድቆ ግንባሩ ከሲሚንቶ ጋር ተጋጭቷል። ተረፈ። አባትየው ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይለኛል። ባይለኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልኮል አእምሮን የሚያደነዝዝ ነገር ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው አእምሮ ደግሞ እንዳይደነዝዝ በተቃራኒው ሲታገል ይኖራል። መጠጡ በድንገት ሲቀር ትግሉ ብቻውን ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። በሁለት ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፍ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ አንዳንዱ ቀንና ሌሊቱ ይምታታበታል፤ ከግድግዳው ላይ የሌለ ነፍሳት ይለቅማል፣ ያተኩሰዋል፣ ልቡ ይሮጣል። ቤተሰብ «አበደ» ይላል፣ አለዚያም «ያዘው» ይላል። ይህ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል።

ሕክምና ግን አለው። እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት በመጠን ተሰጥቶ በቀናት ውስጥ እየተቀነሰ ይሄዳል፤ ታያሚን የሚባለው ቫይታሚንም ይሰጣል። በዚህች ቫይታሚን ላይ ትንሽ ልቆይ። ቤተሰብ የደከመ ልጁን በቅርቡ ወዳለ ክሊኒክ ይዞ ይገባና «ግሉኮስ ስቀሉለት» ይላል፤ መጠጡን አፍሮ ይደብቃል። ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ ለኖረና በደንብ ላልበላ ሰው ታያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ መስጠት አእምሮውን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ አትደብቁ። ምን እንደሚጠጣ፣ ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነ ገና ከበሩ ተናገሩ።

ጫት ብቻ የሚቅም ልጅ ሲያቆም ይተኛል፣ ይነጫነጫል፣ ይከፋዋል፣ ዱካክ ሌሊቱን ያስጨንቀዋል እንጂ እንደ አልኮሉ በመንዘፍዘፍ አያሰጋም። ትራማዶል የለመደ ሰው ማቆም ያለበት ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ቀስ በቀስ ነው። ሱስ ያለበት ሁሉ አልጋ አያስፈልገውም፤ ብዙው በተመላላሽ ይታከማል። ጠዋት ጠዋት የሚንቀጠቀጥ፣ ከዚህ በፊት አንዘፍዝፎት የሚያውቅ፣ ሌላ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ ግን በጤና ባለሙያ ዓይን ሥር መሆን አለበት።

ለዚያች እናት መጀመሪያ የነገርኳት ነገር ስድብ ነው የመሰላት። «ሐኪም እስኪያየው ድረስ አትከልክይው። ምግብ እየሰጠሽ፣ መንቀጥቀጡን የሚያቆምለትን ያህል ብቻ በልክ ስጪው» አልኳት።

«እኔ እናቱ አረቄ ልቅዳለት?»

«እስከ ሰኞ ብቻ።»

ያን ቅዳሜና እሁድ በእጇ በመለኪያ እየለካች ቀዳችለት። እየቀዳች ስታለቅስ አይቻታለሁ። ለልጁም ነገሩ ከቁልፉ በላይ የከበደው ይመስለኛል፤ ጠርሙሱን ከእናቱ እጅ ሲቀበል ቀና ብሎ አላያትም። እሁድ ማታ ራሱ «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?» ብሎ ጠየቃት። እስከዚያ ድረስ እሱን ማንም አልጠየቀውም ነበር። «የት ላስገባው?» ስንል ልጁን እንደ እህል ጎተራ የምናስገባው እናስመስለዋለን። ያልተስማማ ሰው አጥር ይዘላል። ሰው የሚጠየቀው ሞቅ ሲለው ወይም ሲሰክር ሳይሆን ጠዋት ነው፤ የሚጠየቀውም «ለምን አታቆምም?» ተብሎ ሳይሆን «ምንድን ነው የሚያስፈራህ?» ተብሎ ነው። ይህኛው የፈራው መንቀጥቀጡን ሳይሆን የፋብሪካ ጓደኞቹ አማኑኤል ገባ እንዳይሉት ነበር።

አማኑኤል! ስንቱን ሰው ይህ ስም አስቀርቶታል። የአማኑኤል ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የቆየ ነው፤ ለረጅም ጊዜም አገሪቱ ውስጥ ለአእምሮ ሕክምና ሌላ ሆስፒታል ስላልነበረ ስሙ ስድብ ሆኖ ቀረ። የሱስ ሕክምና በተመላላሽም በተኝቶም የሚሰጠው እዚያው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም የሱስ ሕክምና አለ። በቡራዩ በኩል ያለው ገፈርሳ ብዙ ጊዜ በስሕተት ይጠቀሳል፤ እሱ ግን ለቆየ የአእምሮ ሕመም ማገገሚያ ነው።

ከገላን ተነስቶ በቀጥታ መርካቶ አማኑኤል ሰፈር መድረስ ግን መጨረሻው እንጂ መጀመሪያው አይደለም። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፤ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ጠቅላላ ሆስፒታል፣ አቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ፤ ከዚያ በሪፈር ወደ ላይ። ሪፈር ወረቀቱ ቢያሰለችም ወረፋም የጤና መድህንም የሚሄደው በእሱ ነው። ከ2015 ጀምሮ እኛ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ነን፤ ትላልቆቹ ሆስፒታሎች ደግሞ አዲስ አበባ ናቸው። የመድህን ደብተራችሁ የትኛው ዘንድ እንደሚሠራ ሳትነሱ እዚሁ ጠይቁ። ልጁ እያንዘፈዘፈው ወይም እየቃዠ ከሆነ ግን ወረቀት አትጠብቁ፤ በቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

እኛም ሰኞ በሌሊት ተነሳን። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቦታ «አልጋ የለም፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ» ተባልን። እናትየው እዚያው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። እኔ ግን የጠየቅኩት «ታዲያ እነዚህን ዘጠኝ ቀናት በምን እንወጣቸው?» ብዬ ነው። ይህን ጥያቄ ያዙልኝ። ሐኪሙ መልሶ አስገባን፤ መርምሮት መድኃኒቱን በቀን በቀን ከፋፍሎ አዘዘለት፣ እኔም በየማለዳው እያየሁት፣ መድኃኒቱን ከእናቱ እጅ እየተቀበለ ዘጠኙ ቀን አለፈ።

በመሀል ዘመዶች ለግል ማገገሚያ የሚከፈል መሬት እንሽጥ አሉ። የግል ቦታ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ በጎ የሚሠሩ አሉ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሄዳችሁ ግቢውን እዩ። ሌሊት የሚያድር ሐኪም ወይም ነርስ አለ? ፈቃዱ የሕክምና ነው ወይስ የእንግዳ ማረፊያ? ቤተሰብ መጠየቅ የሚችለው መቼ ነው? ያመለጠን ምን ያደርጉታል? በሰንሰለት የሚያስሩ ከሆነ ተመለሱ። ከወጣ በኋላ ማን ይከታተለዋል ለሚለው መልስ ከሌላቸው ለአንድ ወር መኝታ ነው የምትከፍሉት።

ስለ ፀበል የሚጠይቁኝ አሉ። ፀበልም ዱዓም ከሕክምና ጋር አይጣላም፤ መድኃኒት አቋርጡ የሚል ሰው ካልመጣ በቀር። በየቀኑ ይጠጣ የነበረን ሰው ግን መጠጡን ባቆመበት ቀን ሆዱ ባዶ ሆኖ በቀዝቃዛ ውኃ ሥር አታቁሙት። መጀመሪያ እነዚያን አራት አምስት ቀናት በሐኪም እጅ ይለፍ።

ልጁ አልጋ አግኝቶ ተኛ፣ ወጣ። ከወጣ ስድስት ሳምንቱ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ምሽት ጠጥቶ ገባ። ያበላሸው ጓደኛ እንዳይመስላችሁ፤ አያቱ ናቸው። «አንጀቴ አልችል አለ» ብለው መቶ ብር በድብቅ አስጨብጠውታል። እናንት አያቶች፣ ፍቅራችሁን በምሳ ግለጹት፤ ገንዘቡ ይቆይ። እናትየው በዚያ ምሽት «ሁሉም ከንቱ ቀረ» ብላ ወደ እኔ ሮጣ መጣች። ከንቱ አልቀረም፤ በማግስቱ ቀጠሮው ሳይደርስ ወደ ክትትሉ ሄደ፣ የሆነውንም ራሱ ተናገረ።

ሰርቪሱን ለአንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ አከራይታዋለች። ቁልፉም ለእሷ ተሰጥቷል።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ረቡዕ ነው። ብቻውን ይሂድ ወይስ አብሬው ልሂድ ብላ ጠየቀችኝ። እሱን ጠይቂው አልኳት። «እስከ ቃሊቲ አብረን እንሂድ፤ ከዚያ ወዲያ ብቻዬን እሄዳለሁ» ብሏታል።