ሶፍትዌርን መስቀለኛ ጥያቄ የሚጠይቀው ማን ነው?

ፍርድ ቤት ውስጥ ለሰው ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ አለ። ጎረቤታችሁ «አይቼዋለሁ» ቢል ጠበቃችሁ ተነስቶ «ከየት ሆነህ? በስንት ሰዓት? መብራት ነበር ወይ?» ይለዋል። ከስልካችሁ ወጣ የተባለ ሦስት መቶ ገጽ ፒዲኤፍ ሲቀርብስ? ባለሙያው ገመዱን ሰካ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ ሪፖርቱ ወጣ። መሃል ላይ ምን እንደተደረገ የሚናገረው ኮድ ብዙውን ጊዜ የኩባንያ ሚስጥር ነው።

እኔ ኮድ ጽፌ ነው የምኖረው። ሶፍትዌር ሲሳሳት ድምፁ አይንቀጠቀጥም፣ ላብ አያልበውም። የተሳሳተውን ቁጥር ልክ እንደ ትክክለኛው በሚያምር ሠንጠረዥ ያቀርበዋል። ዳኛው ግን ሠንጠረዥ ሲያይ ሳይንስ ያየ ይመስለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ፍሎሪዳ ውስጥ ልጇን ገድላለች ተብላ የተከሰሰችው የኬሲ አንተኒ ጉዳይ ሲታይ፣ ዐቃቤ ሕግ ቤቷ በነበረው ኮምፒውተር ስለ ክሎሮፎርም የሚያትት ገጽ 84 ጊዜ ተከፍቷል አለ። አንድ ጊዜ ቢሆን የማወቅ ጉጉት ነው፤ 84 ጊዜ ግን ዝግጅት ይመስላል። ኋላ ላይ የሶፍትዌሩ ሠሪ፣ ያውም ለዐቃቤ ሕግ ቆሞ የመሰከረው ሰው፣ ፕሮግራሙን መልሶ ሲፈትሽ ገጹ የተከፈተው 1 ጊዜ ብቻ ሆኖ አገኘው። 84ቱ የማይስፔስ ነበር። ሌላ መሣሪያ ያንኑ መረጃ አንብቦ 1 ብሎ ነበር። ሴትዮዋ ከግድያው ክስ ነፃ ወጥታለች (ስለ እሷ መከራከር አልፈልግም፣ ኢንተርኔት ለዚያ በቂ ሰው አለው)። ግን ሠሪው ዝም ቢልስ?

የአንድ ክስ ጉዳይ ነው እንዳትሉኝ። ዴንማርክ በ2019 ከቴሌ ኩባንያዎች የሚመጣውን ጥሬ መረጃ ለፖሊስ የሚተረጉመው ሶፍትዌር የተወሰነውን መረጃ እየዘለለ እንደነበር ደረሰችበት። ከ10,000 በላይ ፍርዶች እንደገና እንዲታዩ ተደረገ፣ የስልክ መረጃን እንደ ማስረጃ መጠቀም ለሁለት ወር ቆመ፣ 32 እስረኞችም ተለቀቁ። በ2021 ደግሞ የሲግናል መሥራች በብዙ አገር ፖሊስ እጅ ያለውን የሴሌብራይት መሣሪያ ፈትሾ፣ ስልክ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ተንኮለኛ ፋይል ያንን ሪፖርት ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የወጡትንም መለወጥ እንደሚችል ጻፈ።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ሰዓትን ብቻ እንውሰድ። ስልክ ውስጥ ያለ ጊዜ ተራ ቁጥር ነው፤ አንዱ ፕሮግራም ከ1970 ጀምሮ ይቆጥራል፣ አፕል ከ2001፣ ክሮም ከ1601። ሶፍትዌሩ ያንን ሁሉ ተርጉሞ ብዙ ጊዜ በዩቲሲ ያስቀምጠዋል። ሪፖርቱ ላይ «21:30» የተባለው መልእክት አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው፣ የፈረንጁ ቀንም ተቀይሯል። ሦስቱን ሰዓት መጨመር የረሳ ሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ያደርገዋል። ከዚያ በላይ የዘመን አቆጣጠራችን አለ። ተከሳሹ የት ነበር የሚለው ክርክር ደግሞ በሦስት ሰዓት ልዩነት ይሞታል፣ ይድናል።

ቴሌግራምም አለላችሁ። ቻናሉ ላይ የተለጠፈ ፎቶ፣ ማውረጃው ክፍት ከሆነ፣ ጠቅ ሳታደርጉት ስልካችሁ ላይ ይቀመጣል። ሪፖርቱ «ፋይሉ ተገኝቷል» ይላል። እውነት ነው፣ ተገኝቷል። ማን ፈልጎ አወረደው የሚለውን ግን ሠንጠረዡ አይመልስም።

እንግዲህ በዚህ ላይ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን ጨምሩበት። ዐቃቤ ሕግ መሠረታዊ ፍሬ ነገሮቹን ካስረዳ በኋላ፣ ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ ነው ብሎ ካመነ የማስረዳት ሸክሙን ወደ ተከሳሹ ማዞር ይችላል። በምን ያስረዳ? ስልኩ ፖሊስ ጋ ነው። ኮዱ ኩባንያው ጋ ነው። ፈቃዱን ገዝቶ መሣሪያውን መሞከር የብዙ ተከሳሽ አቅም አይደለም።

«ታዲያ ወንጀለኛው በስልኩ ይደበቅ?» የሚለኝ አይጠፋም። አልወጣኝም። ሕፃናትን የሚያጠቃ ሰው በስልኩ ቢያዝ ደስ ይለኛል። ግን ፖሊስ ከስልኩ የገለበጠው ሙሉ ቅጂ ከነሀሹ ለመከላከያ ይሰጥ፤ ያ ቅጂ በሌላ መሣሪያ ይነበብ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ባለሙያው መጥቶ ለምን እንደሆነ ያስረዳ። ይሄ ቅንጦት አይደለም፤ እኛ አንድ ተራ አፕ ከመልቀቃችን በፊት ከዚህ በላይ እንፈትሻለን።

ሕግ የተማራችሁ ጓደኞቼ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ያ ፒዲኤፍ ሲቀርብ ከሦስት ነገር ጀምሩ፦ የሶፍትዌሩ ቨርዥን ስንት ነው፣ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር ነው፣ በሌላ መሣሪያ የሞከረው ማን ነው። መልሱን መዝገብ ላይ አስጽፉት፣ «አላውቅም» ቢሆንም።