የ«ዱን» ፀሐይ በሒሳብ ስትመዘን

የሳይንስ ልብወለድ አንባቢ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ታሪኩን ይከተላል፤ ሌላው እርሳስና ወረቀት ይዞ «ይቺ ፕላኔት እውነት ልትኖር ትችላለች?» እያለ ደራሲውን ያፋጥጣል።

እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመውን የፍራንክ ኸርበርትን «ዱን» እንውሰድ። ከመጽሐፉ ኋላ ያለው የቃላት መፍቻ፣ በረሃማዋ አራኪስ የካኖፐስ ሦስተኛ ፕላኔት ናት ይላል። ካኖፐስ ደግሞ የፈጠራ ኮከብ አይደለም። በጥርና በየካቲት ምሽት ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ብታዩ፣ ከሲሪየስ ዝቅ ብሎ የሚያበራው እሱ ነው። ወደ 310 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ድምቀቱ ፀሐያችንን ከ10,000 እጥፍ በላይ ያስከነዳል።

ባለ እርሳሱ ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ አራኪስ የምድርን ያህል ሙቀት እንድታገኝ፣ ምድር ከፀሐይ ከምትርቀው መቶ እጥፍ ያህል መራቅ አለባት። ያን ምሕዋር ለመዞር ከ300 የምድር ዓመት በላይ ይፈጃል። ታሪኩ ሲጀምር 15 ዓመቱ የሆነው ዋና ገጸ ባሕርይ ፖል አትረይደስ ዕድሜውን ሁሉ በአንድ ወቅት ውስጥ ሊጨርስ ነው! በዚያ ላይ እንዲህ ያለ ግዙፍ ኮከብ የሚኖረው ለአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት ብቻ ነው፤ የአራኪስን የአሸዋ ትል የሚያህል ፍጥረት እዚያው ለመብቀል ጊዜ አይበቃውም።

የደራሲው ተከላካዮችም መልስ አያጡም። የካኖፐስ ርቀት በደንብ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 የሂፓርኮስ ሳተላይት ልኬቶች ሲታተሙ ነው፤ ኸርበርት ያልነበረ መረጃ ከየት ያምጣ? ትሎቹም ቢሆኑ ከሌላ ቦታ የመጡ መሆናቸውን በሦስተኛው መጽሐፍ ጠቁሟል። (ይህኛው መልስ ዘግይቶ የተለጠፈ ይመስለኛል።)

እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ግን ከታሪኩ ውስጥ የሚለቀመው ፍንጭ ነው። ከአራኪስ ሁለት ጨረቃዎች በአንዷ ላይ ጡጫ፣ በሌላዋ ላይ የበረሃ አይጥ ይታያል። ምስሉ የማይለዋወጥ ከሆነ ጨረቃዎቹ እንደኛዋ ሁልጊዜ አንድ ፊታቸውን ብቻ ያሳያሉ ማለት ነው፤ በባዶ ዓይን የሚለይ ከሆነም ሰማይ ላይ ነጥብ አይደሉም። እዚህ ላይ ሒሳቡ ታሪኩን አያፈርሰውም፤ ያሰፋዋል።

አንዳንድ ደራሲ ፈተናውን ራሱ ይጋብዛል። ቀኗ 18 ደቂቃ የማይሞላውን ፕላኔት መስክሊንን የፈጠረው ሃል ክሌመንት፣ አንባቢ ስህተት እንዲያድንበት በግልጽ ጽፏል። ላሪ ኒቨን ደግሞ በኮከብ ዙሪያ የዘረጋው ቀለበት ሚዛኑን እንደማይጠብቅ የኤምአይቲ ተማሪዎች ሲጮኹበት፣ መልሱን ተከታይ መጽሐፍ አድርጎ አወጣው።

ኸርበርትስ? ለእሱ የኮከቡ ስም ጌጥ ነው፤ በጌጥ ሰው አይከሰስም። ውሃ ግን የታሪኩ ምሰሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የብሪታንያ ተመራማሪዎች አራኪስን በኮምፒውተር የአየር ንብረት ሞዴል ሲፈትሿት፣ መጽሐፉ በዋልታዎቹ ያስቀመጠው በረዶ በበጋ ሙሉ በሙሉ ይቀልጣል የሚል ውጤት አገኙ። በካኖፐስ ኸርበርትን ነፃ እለቀዋለሁ፤ በበረዶው ግን ይጠየቅ።