ጸጉር በየቀኑ ይታጠብ ወይ?

በጀርወልም ሆነ በጅዳ በየሰው ቤት ከምትሠሩት ከብዙዎቻችሁ አንድ ቅሬታ እንሰማለን፤ «ማዳም በየቀኑ ጸጉርሽን ታጠቢ ትለኛለች፣ ጸጉሬ ግን እየተበጣጠሰ አለቀ» የሚል። አንዳንዷ በንትርኩ ተማርራ መቀስ እስከ ማንሣት ትደርሳለች። እኛ በዚህ ጉዳይ ከማዳም ጋር አንስማማም።

ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ ቀጥ ባለ ጸጉር ላይ ቶሎ ወደ ጫፍ ይወርዳል፤ በተጠቀለለው በእኛ ጸጉር ላይ ግን በቀላሉ አይደርስም። ስለዚህ የእነርሱ ሲወዛ የእኛ ይደርቃል። የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚ ለጥቁር ሰው ጸጉር የሚመክረው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብን ነው። እናቶቻችን አጥበው፣ ቅቤ ቀብተው ሹሩባ ሲጎነጉኑ ይህን ሐኪም አልነገራቸውም።

ማዳምም ግን ከመሬት ተነሥታ አይደለም የምትናገረው። በዚያ ሙቀት ምድጃ ፊት የዋለ ራስ ያልበዋል፤ ቅቤው ሲጨመርበትማ ይሸታል። ቢሆንም ሽታውን ይዞ የሚቆየው ብዙ ጊዜ ሻሹ ነው። ሁለት ሦስት ሻሽ ይኑራችሁ፣ በየቀኑ ቀይሩ፣ የወለቀውን እጠቡ። ላብ የበዛ ዕለት ራስን በውሃ ብቻ ማለቅለቅ ይበቃል።

ውሃውን የምትወቅሱም አላችሁ። ከቀይ ባሕር የሚጣራ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጨው ወጥቶለት ነው ቧንቧ የሚገባው። እኛ የምንፈራው ሳሙናውን ነው። ሻምፑ ሲጠፋ በልብስ ዱቄት ሳሙና ወይም በዕቃ ማጠቢያ መታጠብ ወዙን ጠራርጎ ይወስዳል፣ ቆዳንም ያስቆጣል። ሹሩባን ግንባር እስኪወጠር ማጥበቅም ከዚያ አያንስም፤ ከፊት የሚሳሳው ጸጉር ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው፣ ከቆየም ላይመለስ ይችላል።

«ጊዜውን ከየት አምጥቼ?» ለምትሉ፦ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። (በየቤቱ ሁሉ እንደማይከበር እናውቃለን።) ሹሩባ ለመፍታት፣ ለማጠብና በደንብ ለማድረቅ ግማሽ ቀን ይሄዳልና ከዚያ ላይ ጠይቁ። ለማዳምም በሰላም ቃል «ሸዕሪ ናሺፍ፣ ኩል ኡስቡዕ መራ» በሏት፤ ጸጉሬ ደረቅ ነው፣ በየሳምንቱ አንዴ ማለት ነው። ፎረፎር ወይም ቁስል ያለባት እኅት ግን ፋርማሲ ትጠይቅ፤ ለእርሷ በመድኃኒት ሻምፑ ቶሎ ቶሎ መታጠብ ሊያስፈልግ ይችላል።