ሞተር ብስክሌቱን ማን ይጠግነው?

ወደ ማናቸውም የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ግቢ የገባ ሰው፣ ከመጋዘኑ ጥግ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆሙ ሞተር ብስክሌቶችን ሳያይ አይወጣም። የአንዱ ጎማ ተንፍሷል፤ የሌላው መቀመጫ ተነቅሎ ለጎረቤቱ ተሰጥቷል፤ ሦስተኛው ምንም የጎደለው ሳይመስል አቧራ ለብሶ ቆሟል። ለምን እንደቆሙ ሲጠየቅ መልሱ በየቦታው አንድ ነው፤ «በጀት እየጠበቁ ነው» ይባላል። በእኔ አስተያየት ግን ብዙዎቹ የቆሙት ገንዘብ ስለታጣ ብቻ አይደለም። ገና ከጅምሩ በአንድ ሊትር ዘይትና በግማሽ ሰዓት ሥራ ሊታለፍ ይችል የነበረውን ጉዳይ ማን እንደሚሠራው ስላልተወሰነ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ በራሴ ላይ የደረሰው ነው። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በአርሲ የስንዴ ማሳዎችን እየዞርኩ በሽታ እመዘግብ ነበር። በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ቢጫ ዋግ ኩብሳንና ገለማን ክፉኛ ካጠቃ በኋላ ብዙ ገበሬዎች ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ወደተባለው ወደ ዲገሉ ዞረው ነበር። በ2006 ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ በዚሁ በዲገሉ ላይ ተነሣ። የግንድ ዋግ ጊዜ አይሰጥም፤ ሙቀትና እርጥበት ከተመቸው በአሥር ቀን ገደማ አዲስ ቀይ ዱቄት አውጥቶ ለነፋስ ይሰጣል።

በዚያ ሰሞን ሞተሬ ዳገት ላይ እየደከመ ጥቁር ጭስ ማውጣት ጀመረ። መመሪያው ሠራተኛው ሞተሩን እንዳይነካ ስለሚያዝ በከተማው ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ አስገባሁት። ፒስቶኑ አልቋል፣ መፈታት አለበት ተባለ። የዋጋ ማቅረቢያ ተጻፈ፤ ግዥው ፈራሚ ጠበቀ፤ ሞተሩ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆመ። በዚህ መካከል ከአንድ ሩቅ ቀበሌ የመጣ ገበሬ ቀይ ዱቄት የያዘ የስንዴ አገዳ በጋዜጣ ጠቅልሎ ቢሮ ትቶልኝ ነበር። በእግርና በጭነት መኪና ተጉዤ ማሳው ስደርስ አገዳው መጥቆር ጀምሯል። በጊዜው ብደርስ ኖሮ ማሳው ይድን ነበር ብዬ አልምልም፤ የሚረጨው መድኃኒትም በቅርብ አልነበረም። ሆኖም ጎረቤቶቹ ገና ንጹሕ የነበሩ ማሳዎቻቸውን እንዲያዩ መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም።

ሞተሩን በመጨረሻ ያስነሳው በእድሜ የገፉ ሌላ መካኒክ ናቸው። የጎኑን ሽፋን ፈትተው የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ አወጡት፤ ጡብ መስሎ ነበር። «ጋሼ፣ ፒስቶኑስ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ፒስቶኑ ደህና ነው። ሞተርህ አልታመመም፤ እንዳይተነፍስ ነው የታፈነው» አሉኝ። በሳሙና አጠቡት፣ አደረቁት፣ ዘይት አስነኩት፤ ዳገቱን ወጣሁ። የከፈልኩት የሻይ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ሂሳቡ እንግባ። የዘይትም የጉልበትም ዋጋ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይና በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በብር አላሰላውም፤ በኪሎ ሜትርና በቀን ማስላት ይሻላል። አንድ የልማት ሠራተኛ በቀን 40 ኪሎ ሜትር፣ በወር 22 ቀን ቢጓዝ በዓመት ከ10,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። አነስተኛ ባለ አራት ምት ሞተር በአቧራማ አገር በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱ ቢቀየርለት ደግ ነው፤ ይህም በዓመት አምስት ጊዜ መሆኑ ነው። የሚይዘው ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ነው። ጋራዡ 35 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢገኝ ደርሶ መልሱ 70 ኪሎ ሜትር ነውና ወደ ሁለት ሊትር ቤንዚን ይቃጠላል። አንድ ሊትር ዘይት ለመቀየር ሁለት ሊትር ቤንዚን ማቃጠል ማለት ነው፤ ያውም ቤንዚን በሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ። በዚህ ላይ በዓመት አምስት የሥራ ቀን ይባክናል። እነዚህን አምስት ቀኖች በደረሰኝ ላይ የሚጽፋቸው ማንም የለም፤ ስለዚህም ከሂሳብ ውጭ ሆነው ይቀራሉ።

በበኩሌ ነጂው በገዛ እጁ መሥራት አለበት የምለው ከሁሉ በፊት ዘይቱንና ማጣሪያውን ነው። ዘይቱ የሚወጣው ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ሞቅ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። የታችኛው ብሎን ሲመለስ በኃይል አይጠበቅ፤ የሞተሩ አካል አልሙኒየም ስለሆነ ጥርሱ ቢበላ ያተረፍነውን ሁሉ ያስከፍለናል። የመኪና ዘይት ረክሶ ቢገኝም አይሞላ። የአብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች ፍሪሲዮን በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ በአንዳንድ የመኪና ዘይት ውስጥ ያለው ማለስለሻ ቅመም ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። በቆርቆሮው ላይ ለሞተር ብስክሌት የተባለ መሆኑን ማንበብ ነው። የተቃጠለውን ዘይት ወንዝ ዳር ወይም ማሳ ጠርዝ የሚደፉትን አይቻለሁ፤ ይህን የምናደርግ ከሆነ ስለ አፈር ለገበሬ ማስተማራችን ምን ሊባል ነው? በጀሪካን ይጠራቀም።

ማጣሪያው በበጋ በየሁለት ሳምንቱ፣ የጤፍና የስንዴ ውቂያ አካባቢ የሚውል ሰው ደግሞ በየሳምንቱ ይታይ። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፤ ይጨመቃል እንጂ አይጠመዘዝም። በጥላ ከደረቀ በኋላ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠጥቶ ትርፉ ተጨምቆ ይመለሳል። በቤንዚን ማጠብ እሳት መጥራት ነው። የወረቀት ማጣሪያ ግን አይታጠብም፤ አቧራው ይራገፋል፣ ጊዜው ሲደርስም ይለወጣል። «ያለ ማጣሪያ ይበልጥ ይበራል» እያሉ ጨርሶ የሚጥሉት አሉ። እውነት ነው፣ ለጥቂት ጊዜ ይበራል፤ የመንገዳችን አቧራ ግን አሸዋ ያለበት ስለሆነ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ሰንሰለቱ (ካቴናው) በጥቁር አፈር አገር በክረምት ጭቃ ሲነክስ ውሎ ያድራል። ማታ በውሃ ማጠብ፣ ጠዋት ዘይት ማስነካት፣ ልቅነቱን መለካት ነው። በአብዛኞቹ ሞተሮች መካከሉ ላይ በጣት ሲነሳ ከ2.5 እስከ 3.5 ሳንቲ ሜትር መንቀሳቀስ ይገባዋል፤ ትክክለኛው ቁጥር በሞተሩ መጽሐፍ አለ። በያማሃ ኤ.ጂ. 100 ሰንሰለቱ በሽፋን ስለተዘጋ ይህ ጣጣ ይቀንሳል። ሆኖም ባለ ሁለት ምት በመሆኑ የተለየ የዘይት ጋን አለው፤ ያ ጋን ባዶ ሆኖ አንድ ቀን ቢነዳ ሞተሩ ይነክሳል፣ ከዚያ ወዲያ ወጪው የጋራዥ ነው። ካንዴላ መፍታትና ማጽዳት፣ የፍሬን ገመድ ማጥበቅ፣ የጎማ ነፋስ መለካት የማንም ነጂ ሥራ ነው። በፕላስቲክ ጠርሙስ በመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ውሃ ይዞ ከሆነ፣ ከካርቡራተሩ በታች ያለችውን ብሎን ላላ አድርጎ ማፍሰስ መቻልም ከመንገድ ቀርቶ ከማደር ያድናል።

ከዚህ አልፎ መሄድን ግን አልመክርም። የሞተሩን ራስ መክፈት፣ ቫልቭ ማስተካከል፣ ማርሽና ኤሌክትሪክ መነካካት፣ የተበላ ፍሬን መለወጥ የሠለጠነ እጅና ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል። የካርቡራተርን ቀዳዳ በሽቦ የሚወጋ ሰው ቀዳዳውን ያሰፋውና ሞተሩ ለዘለቄታው ቤንዚን ጠጪ ይሆናል። ስለዚህ የንብረት ክፍል ሰዎች «ሠራተኛው ከነካው ያበላሸዋል» የሚሉት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። ፈትቶ መግጠም አቅቶት ግማሹን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ የመጣ ባልደረባ እኔም አውቃለሁ። ስህተቱ እርሱ መንካቱ ላይ ሳይሆን እስከ የት እንደሚነካ ያሳየው ሰው አለመኖሩ ላይ ነው። 

ሌላው ተቃውሞ ከራሳችን ከልማት ሠራተኞች የሚመጣ ነው፤ «እኔ የእርሻ ባለሙያ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም» የሚለው። ለዚህ ብዙ ቃል አላባክንም። በሬውን የሚያጠምድ ገበሬ የእንስሳት ሐኪም አይደለም፤ ቀንበሩ ትከሻውን ሲልጠው ግን ያያል። ይልቅ በቅሬታቸው ውስጥ አንድ ትክክለኛ ነገር አለ፤ ይኸውም ዘይቱን ከደመወዛቸው እንዲገዙ መደረጋቸው ነው። ይህ ልክ አይደለም። ጉልበቱ የሠራተኛው ከሆነ ዘይቱ፣ ካንዴላውና ማጣሪያው የጽሕፈት ቤቱ ሊሆን ይገባል፤ ያውም ደረሰኝ ተጠብቆ የሚመለስ ሳይሆን ቀድሞ ተገዝቶ ከመጋዘን የሚወጣ።

በዚህ ረገድ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከመንግሥት ቢሮዎች ይልቅ የተሻለ ዕድል አላቸው፤ ፊርማቸው ቅርብ ነውና። ሞተር ያላቸው ሦስት ወይም አራት ማኅበራት የዓመቱን ዘይት በአንድ ላይ ቢገዙ፣ አንድ ጥሩ የቁልፍ ስብስብ በጋራ ቢይዙና አንድ መካኒክ በዓመት ሁለት ጊዜ ከነመሣሪያው ወደ እነርሱ እንዲመጣ ቢዋዋሉ፣ ሞተሮቹ ወደ ከተማ ከሚመላለሱ ይልቅ መካኒኩ ይመላለሳል። የመጣ ዕለት ነጂዎቹ አጠገቡ ይቁሙ፤ ቫልቭ ሲያስተካክል ማየትም ትምህርት ነው። ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ደብተር ይኑር፤ ቀኑ፣ የኪሎ ሜትር ቁጥሩ፣ የተሠራው ሥራ፣ የወጣው ገንዘብ፣ እንዲሁም ሞተሩ የቆመባቸው ቀኖች ይጻፉበት። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ እንዳይቀር።

ባለፈው ዓመት ይህንኑ ሐሳብ ለአንድ ማኅበር የሥራ አመራር ኮሚቴ ሳቀርብ ሊቀ መንበሩ፣ «ሠራተኛው ዘይት ሲቀይር ብሎኑን ቢሰብር ማን ይከፍላል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ረጅም ክርክርም አስነሣ። በመጨረሻ የተፈቀደለትን ሥራ ሲሠራ የተሰበረውን ማኅበሩ፣ ያልተፈቀደለትን ፈትቶ ያበላሸውን ደግሞ ሠራተኛው ይችላል ብለው በቃለ ጉባኤ ያዙት። የተፈቀዱትን ሥራዎች ዝርዝር ጽፈው በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ለጠፉት፤ ስምንት መስመር ነው የወጣው።